ወተቱን አልጭን ያለው መኪና

ተረት እንበል፤ ላም ካለች በረት አይጠፋም።

ከአንዲት የደጋ ከተማ ወጣ ብሎ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሁለት ላሞች ወተት ልጅ አሳድጋ፣ ጎጆ ይዛ ኖራለች። ምኞቷም ብዙ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት የወተት መኪናው ደጇ ይቁም፣ ወተቷን ይጫን፤ ሌላ አልጠየቀችም።

አንድ ጠዋት መኪናው ሳይቆም አለፈ። በማግስቱም አለፈ። ወተቱ ኮመጠጠ። ትንጠው እንዳትል ቅቤውም አይቡም ሞልቶ ተርፎ ገዢ አጥቷል፤ መንደሩ ሁሉ ይንጣላ! ደብሪቱ ሦስተኛውን ቀን ጀሪካኗን ታቅፋ መንገዱ መሀል ቆመች።

«ተካልኝ፣ ምን በድዬህ ነው? ጾም ገባ እንዳልል ጾሙ ገና ነው» አለችው ሾፌሩን።

ተካልኝ ራሱን አከከ። «እትዬ ደብሪቱ፣ ብጭነውስ የት አራግፈዋለሁ? ፋብሪካው አልቀበልም ብሎኛል። እሱን ይጠይቁ።»

ደብሪቱ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ ወተት ፋብሪካው ሄደች። ኃላፊውን አቶ ልሳነወርቅን በር ላይ አገኘቻቸው።

«ጌታዬ፣ መኪናው ወተቴን አልጭን አለ፤ ወተቴ ኮመጠጠ። እባክዎ መኪናውን ይቀበሉልኝ።»

«የትናንቱም አልተሸጠም፣ እህቴ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ሠራተኛ እያሰናበትኩ ነው። ሻይ ቤቶቹ አንገዛም አሉ። እነሱ ቢገዙ እኔ ምን ገዶኝ!»

ሻይ ቤቶቹ በከተማው ካለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በር ፊት ተደርድረዋል። ደብሪቱ የመጀመሪያዋ ውስጥ ገብታ የሻይ ቤቷን ባለቤት እልፍነሽን ለመነች።

«እቴ፣ ፋብሪካው መኪናውን አልቀበል አለ፤ መኪናው ወተቴን አልጭን አለ፤ ወተቴ ኮመጠጠ። እባክሽ ወተቱን ግዢ።»

እልፍነሽ አንድ ቆርቆሮ አውርዳ አሳየቻት፤ ነጭ ዱቄት። «ይኸውልሽ የዛሬው ወተት። በማንኪያ በጥብጠሽ መስጠት ነው። አይኮመጥጥም፣ አይደፋም፣ ደግሞ ርካሽ ነው። እኔስ ልጆች የሉኝም? ነጋዴው እያመጣልኝ እንዴት አልገዛ?»

ነጋዴው ሀጂ ኑርሁሴን መጋዘናቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ደብሪቱ እግሯ ዝሏል፤ ሳትቀመጥ ተናገረች።

«ሀጂ፣ ሻይ ቤቱ ወተቱን አልገዛ አለ፤ ፋብሪካው መኪናውን አልቀበል አለ፤ መኪናው ወተቴን አልጭን አለ፤ ወተቴ ኮመጠጠ። እባክዎ ዱቄቱን ይተዉልኝ።»

«እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያመጣዋል፣ ልጄ» አሉ ሀጂ። «ድሮ ድንበሩ ኬላ ላይ ለውጭ ዕቃ የሚከፈለው ቀረጥ ያስወድደው ነበር፤ ማንም አይደፍረውም። ዘንድሮ ቀረጡ ተነሣ። እኔን ከምትለምኚ ኬላውን ለምኚ።»

ደብሪቱ ከጎረቤት የመሳፈሪያ ተበድራ፣ በአውቶቡስ ስትንገላታ ውላ ኬላው ደረሰች። የኬላው ሹም ልጅ እግር ነው፤ ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አስመጣላት። ደብሪቱ ውሃውን ጠጥታ ጀመረች። አሁን ነገሩን እንደ ጸሎት ቃል በቃል ይዛዋለች።

«ነጋዴው ዱቄቱን አልተው አለ፤ ሻይ ቤቱ ወተቱን አልገዛ አለ፤ ፋብሪካው መኪናውን አልቀበል አለ፤ መኪናው ወተቴን አልጭን አለ፤ ወተቴ ኮመጠጠ። ልጄ፣ ኬላውን ዝጋልኝ።»

ሹሙ አልሳቀባትም። «እማማ፣ አገሮቹ ተዋውለዋል። የእነሱ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ የእኛም ያለ ቀረጥ ይወጣል። ያውና ያኛው መኪና የጫነው ከእኛ የሚወጣ ሸሚዝ ነው። ዱቄቱን ባግድባቸው ሸሚዙን ያግዱብናል። ያኔ ሰፊዎቹ ሥራ ይፈታሉ።»

ደብሪቱ የሚወጣውን መኪና አየች። በካርቶኖቹ ላይ ያለውን ምልክት አወቀችው። ከሻይ ቤቶቹ ፊት ያለው፣ ልጇ ፋናዬ የምትሰፋበት ፋብሪካ ነው። ሥራ የገባችው አምና ነው፤ አሁን ገና ፊቷ ፈካ ብሏል።

«እንግዲያው አትዝጋው» አለች ደብሪቱ፤ ተነሣች።

በመልስ ጉዞ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ለራሷ አነበነበችው። ሸሚዙ ኬላውን አላዘጋ አለ፤ ኬላው ነጋዴውን አልከለክል አለ፤ ነጋዴው ዱቄቱን አልተው አለ፤ ሻይ ቤቱ ወተቱን አልገዛ አለ፤ ፋብሪካው መኪናውን አልቀበል አለ፤ መኪናው ወተቴን አልጭን አለ፤ ወተቴ ኮመጠጠ። ማንን ትርገም? ክፉ ሰው ብታገኝ እንኳ ይቀላት ነበር።

ቤቷ ስትደርስ የላሞቹ ፍሩሽካ አልቋል። ሁለቱ ተያይዘው ከሚከሱ ብላ አንደኛዋን ላም፣ ዳለቻን፣ እንዲሸጥላት ለደላላ ሰጠች። ዳለቻ በገመድ ስትጎተት ዞራ ጮኸች፤ ደብሪቱ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ከቀረችው ላም ያለበችውን መድፋት አንጀቷ እምቢ ቢላት ተሸክማው ፋናዬ ወደተከራየችው ክፍል ሄደች። እስከዚያን ቀን ልጇን ላለማስጨነቅ ምንም አልነገረቻትም ነበር። ፋናዬና አብረዋት የሚኖሩት ልጃገረዶች ከሥራ ገብተው እግራቸውን ዘርግተዋል። ወተቱን ተቀባብለው ጠጡ።

«እማዬ፣ ዳለቻ ደህና ናት?» አለች ፋናዬ።

«ሸጥኳት» አለች ደብሪቱ። ከዚያም ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከመኪናው እስከ ሸሚዙ።

አንዷ ልጅ «የእኔም እናት እየደፋች ነው» አለች። ሌላዋም «የእኛም መንደር መኪና ቀርቷል» አለች። ፋናዬ ኩባያዋን አስቀመጠች። «እኛው አይደለን የእልፍነሽን ዱቄት የምንጠጣው?»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሰፊዎቹ ሻይ ቤቶቹን ሞሉ። «ዱቄት አንፈልግም» አለች ፋናዬ።

«የላሙ ይወደዳል፣ ልጄ» አለች እልፍነሽ።

«በየቀኑ አንችልም። በሁለት ቀን አንዴ እንጠጣለን፤ ግን የላም ይሁን።»

እልፍነሽ አጉረመረመች፤ ግን የተሞላ ቤት ማን ይገፋል? ጎረቤቶቿም እሷን አይተው ተከተሉ። ሰፊዎቹ ዱቄቱን አንጠጣም ቢሉ ሻይ ቤቱ ወተቱን ልግዛ አለ፤ ሻይ ቤቱ ወተቱን ልግዛ ቢል ፋብሪካው መኪናውን ልቀበል አለ፤ ፋብሪካው መኪናውን ልቀበል ቢል መኪናው ወተቱን ልጫን አለ። ኬላው ግን እንደተከፈተ ነው፤ ሀጂም ዱቄታቸውን ለሌላ ከተማ ይሸጣሉ።

አንድ ጠዋት የደብሪቱ ደጅ ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ደብሪቱ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች። ተካልኝ ወርዶ ጀሪካኗን ተቀበላትና ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘናት።

«ይቺ ብቻ ናት፣ እትዬ?»

«ይቺው ናት» አለች ደብሪቱ። «ጫናት።»

ተረቴን ተረከቡኝ፤ አፌም ደክሞታል፣ ይረፍ።