አልታመምኩም ያለው ቦክሰኛ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ከሚስቱ ቀጥሎ በዚህ ዓለም ላይ የሚወደው ሰው አንድ ቦክሰኛ ነበር። ሚስቱ ግን «ቀጥሎ» የምትለዋን ቃል አታምናትም ነበር።

ስለ አባትሽ ጠይቀሽኝ ስለ ቦክስ ማውራት መጀመሬ አይግረምሽ፣ ልጄ። «የምወደውን ሰው ስም ለማዳን ብዬ ትንሽ ብዋሽ ምን ክፋት አለው?» ነው ያልሽኝ። ልብስ ሰፊውም ይህንኑ ጠይቋል። እሱ ግን የጠየቀው ራሱን ነበር፤ ስለዚህ የሚፈልገውን መልስ ለማግኘት ብዙም አልተቸገረ። አንቺ ሌላ ሰው መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ፤ እንግዲህ ስሚ።

ቦክሰኛው ቀን ቀን በዱቄት ፋብሪካ ጆንያ ይሸከማል፣ ሲመሽ ጓንቱን ያጠልቃል። በከተማዋ አዳራሽ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚያሸንፈው ጠፍቶ ነበር። ሲያሸንፍም አይፎክርም፤ የጣለውን ሰው ከወለሉ አንስቶ፣ ደግፎ ወደ ወንበሩ ያደርሰዋል። ወደ መድረክ ሲወጣ የሚደርበውን ካባና የሚታጠቀውን ቁምጣ የሚሰፋለት ይኸው ልብስ ሰፊ ነበር። የትከሻውን ስፋት ሳይለካ ያውቀዋል። እርጅናውንም ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው ለዚህ ነው፤ የቁምጣውን ወገብ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ መልቀቅ ጀምሮ ነበርና። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ ካለችው ከተማ አንድ ወጣት መጣበት፤ ቀጠን ያለ፣ እግሩ መሬት የሚነካ የማይመስል። ግጥሚያ ተብሎ የሚወራም አልነበረም። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ወጣቱ ይመታል፣ ቦክሰኛው ይቀበላል። የእሱ ነው ሊባል የሚችል አንድ ዙር እንኳ አልተገኘም። ቅንድቡ ተተረተረ፣ አንድ ዓይኑ ተደፈነ፤ መጨረሻ ላይ አሰልጣኙ አላስችል ብሎት ፎጣውን ወረወረ። ልብስ ሰፊው ፎጣው ሲወድቅ አላየም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

በማግስቱ የልብስ ሰፊው በረንዳ በሰው ተሞላ። የቦክስ ወዳጆች ሁልጊዜም የሚሰበሰቡት እዚያ ነበር። ዕድሜ ልኩን አንድ ቡጢ ያልቀመሰ ሁሉ ያን ቀን አሰልጣኝ ሆኖ ዋለ። ሥጋ ሻጩ ድሮ ማቆም ነበረበት፣ መልኩ ሳይበላሽ በክብር መውረድ ይችል ነበር እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። ሌላው ጥፋቱን በአሰልጣኙ ላይ ጫነ፤ ፎጣውን ቀደም ብሎ መወርወር ነበረበት አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ደግሞ ጭራሽ መወርወር አልነበረበትም አለና ሁለቱ ሊያያዙ ምንም አልቀራቸው። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ችሎ ይሰማ ነበር። ያመመው የመካኒኩ ንግግር ነው። መካኒኩ ሻዩን ፉት እያለ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ ነገሩ ገና አሁን እንደገባው ተናገረ። ይህ ሰው ድሮም ጎበዝ አልነበረም፤ ሲያመጡለት የኖሩት ደካማ ደካማውን ነው፤ እውነተኛ ቦክሰኛ ሲመጣበት ይኸው ታየ።

አንድ ሽንፈት ብቻ ቢሆን ልብስ ሰፊው ይችለው ነበር። ይሄኛው ግን ወደ ኋላ ሄዶ እነዚያን ሁሉ ምሽቶች፣ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸባቸውን፣ ከማያውቀው ሰው ጋር የተቃቀፈባቸውን፣ ሚስቱ ተቆጥታ በር የዘጋችበትን ሁሉ ሊወስድበት ነው። ሳያስበው ቃሉ ከአፉ ወጣ።

«ታሞ ነበር» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ካባውን ሊያደርስለት ቤቱ ሄዶ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ በዓይኑ እንዳየው፣ ለማንም እንዳይናገርም እንዳስማለው ነገራቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነት የነበረው ካባውን ማድረሱ ብቻ ነው። ግን እንዴት ደስ እንዳላቸው ብታዪ! ሥጋ ሻጩ ጭንቅላቱን ይዞ፣ እኔም እኮ ፊቱን ሳየው ጠርጥሬ ነበር አለ። ትከሻውን የነቀነቀው መካኒኩ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው ያን ቀን ቀለል ብሎት ሲሰፋ ዋለ። ማንን ጎዳሁ? አለ በልቡ። ማንንም።

ወሬው ግን እሱ ባስቀመጠው ቦታ አልቆየለትም። መጀመሪያ ትኩሳት የነበረው ሲውል ሲያድር የሆድ ሕመም ሆነ። ቅዳሜ ገበያ ሲደርስ ደግሞ፣ የማዶ ሰዎች በሚጠጣው ውሃ ውስጥ አንድ ነገር ጨምረውበታል ተባለ። ወጣቱ በሽንኩርት መኪና ላይ በረዳትነት እየሠራ ወደ ከተማዋ ይመላለስ ነበር፤ መኪናውን በድንጋይ ተቀበሉት። እናቱ ገበያው ውስጥ ቲማቲም ይሸጡ ነበር፤ የሚገዛቸው ጠፋ። ልብስ ሰፊው ክር ሊገዛ ወጥቶ አያቸው። ቲማቲሙን ደግመው ደግመው ይወለውላሉ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። አንጀቱን በሉት። ቢሆንም፣ የሰው ወሬ ነገ ይረሳል ብሎ ራሱን አጽናና፣ እግሩንም ፈጠን አድርጎ አለፈ።

ቦክሰኛው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ዓይኑ እስኪገለጥ ድረስ ቤቱ ተኝቶ ሰነበተ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ብቅ ሲል ግማሹ ሰው ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። ሥጋ ሻጩ ሁሉን እንዳወቁ፣ ለእነዚያ የማዶ ሰዎችም ልክ ልካቸውን እንደሰጧቸው፣ መኪናቸውን በድንጋይ፣ የልጁን እናትም በባዶ እጃቸው እንደሸኙ በኩራት ነገረው። የስፖርት ኮሚቴውንም አነጋግረዋል። ቦክሰኛው ራሱ ታምሜ ነበር ካለ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ወጣቱ ያገኘው ዕድል፣ ወደ ዋናው ከተማ ሄዶ መወዳደሩ፣ ለእሱ ይመለስለታል። አንድ ቃል ይበቃል።

ቦክሰኛው ታሟል ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ስም የጠራ የለም፤ ዓይን ሁሉ ግን ወደ ስፌት መኪናው ዞረ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። በዚያች ሰዓት በልቡ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም በል፣ እባክህ ዝም ብቻ በል፣ ስምህ ይተርፋል። ቦክሰኛው አየው። ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፣ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«አልታመምኩም» አለ። «እንደዚያ ቀን ተዘጋጅቼ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። የልጁ ግራ እጅ ሲመጣ አየው ነበር። ጭንቅላቴን ላዞር ስል ቡጢው ደርሷል። በለጠኝ፤ ሌላ ምንም ነገር የለም።»

ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ወንድሜ፣ ካባ ስፋልኝ እንጂ በሽታ አትስፋልኝ» አለው።

ይህን ብሎም አልተቀመጠም። በቀጥታ ወደ ገበያ ወረደ። ቅንድቡ ላይ የተሰፋው ቁስል ገና አልደረቀም ነበር። ከቲማቲም ሻጯ አጠገብ ድንጋይ ስቦ ተቀመጠና፣ ልጃቸው በንጹህ ውድድር እንዳሸነፈው፣ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ነገራቸው። ሚዛኑንም ተቀብሎ ይመዝንላቸው ጀመር። ለጆንያ የለመደ እጅ ነውና የመጀመሪያውን ቲማቲም አፈረጠው፤ እሳቸውም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ። ሰው አንድ ሁለት እያለ ቀረበ። ፀሐይ ሳትበርድ ቲማቲሙ አለቀ።

ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ ፈዞ ቀርቶ ነበር። አለቀ ብሏል። ይህን ያህል የደከመለትን ስም ባለቤቱ በገዛ እጁ ጣለው፤ አሁን መካኒኩ አፉን ይከፍታል፣ ያን ጊዜ ምን እመልሳለሁ እያለ ይጠብቃል። መካኒኩ ብርጭቆውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ።

«የቀረበለትን ሰበብ ያልወሰደ ሰው» አለ በመጨረሻ፣ «ድሮም በእውነት ነው ያሸነፈው።» ብርጭቆውን አስቀመጠና እሱም ወደ ገበያ ሄደ።

የልብስ ሰፊው እንባ መጣ። በውሸት ሊያድናቸው የደከመላቸው እነዚያ ሁሉ ዓመታት ያን ጊዜ ተመለሱለት። እሱ ታሞ ነበር ሲል ሰዉ ለቦክሰኛው አዝኖለት ነበር እንጂ በጉብዝናው አላመነም ነበር። አሁን ግን አመነ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቦክሰኛው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ወጣቱ ራሱ መጣ። ጠብ ፍለጋ የመጣ የመሰለው ብዙ ነው። እሱ ግን ቦክሰኛው ፊት ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ግራ እጄ ሲመጣ አየው ነበር ማለትዎን ሰማሁ። ምንድን ነው ያዩት?» አለ። ቦክሰኛው ሳቀና ብድግ ብሎ አሳየው፤ ወጣቱ ከመምታቱ በፊት ትከሻው ከፍ ይላል። የቦክሰኛው እጅ ደክሞ ስላልደረሰ ነው እንጂ ዓይኑ አንዱንም አላሳለፈም ነበር። ወጣቱ ወደ ዋናው ከተማ ሲሄድ ፎጣውን ይዞ ጥጉ ላይ የቆመለት ይኸው የተሸነፈው ሰው ነው። ልብስ ሰፊው ለወጣቱም ካባ ሰፋለት፣ ይሄ ደግሞ ትከሻ ይባላል እያለ እያጉረመረመ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ።

አባትሽ ወጌሻ ነው። በዚህ ሰፈር የእሱ እጅ ያልዳሰሰው አጥንት የለም፤ ይኸው እኔም የምራመደው እሱ በጠገነው እግር ነው። አሁን አርጅቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ የጠገነው የዚያች ሹሩባ ሠሪ የእጅ አንጓም ጠሞ ገጠመ። አንቺም የሰው አፍ አስፈርቶሽ፣ ለሰርግ ሹሩባ ልሠራ ብላ ማሰሪያውን ጊዜው ሳይደርስ ፈታችው አልሽ። እሷ አባትሽን ስለምታከብር ዝም አለች። እንግዲህ ልብስ ሰፊው አንቺ ነሽ። ክፉ አይደለሽም፤ እሱም ክፉ አልነበረም። ግን አንጓዋን አባትሽ ሳይፈልግ ቢያጣምመው፣ ስሟን አንቺ ወደሽ ሰበርሽው።

አባትሽ በደህና የጠገናቸው እጆችና እግሮች ከተማውን ሞልተውታል፤ ለመቆም ያንቺን ውሸት አይጠብቁም። አባቴ ተሳስቷል፣ እጁ ደክሟል ብትዪ ግን፣ ትናንት እሱ ነው ያዳነኝ ያለው ሁሉ ይበልጥ ይታመናል። ለእሱም ሳትፈሪ ንገሪው። እጁ መንቀጥቀጡን ካንቺ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው፤ የከበደው ብቻውን ማወቁ ነው። ጣቱ ደከመ እንጂ ያ ሁሉ ዕውቀት የትም አልሄደበትም። አንቺ ደግሞ ጠንካራ ጣት አለሽ። ከእንግዲህ ስብራቱን አንቺ ያዢ፣ የቱ ጋ እንደምትጫኚ እሱ ይንገርሽ።

ሹሩባ ሠሪዋ በዚያ በጠመመ እጇ ዛሬም እየሠራች ነው፤ ስመጣ ቤቷ በሴቶች ሞልቶ አይቻለሁ። ውሸቱን ሰው ፊት ነው ያወራሽባት፤ እውነቱም ሰው ፊት ይነገርላት። ተነሺ፣ ሴቶቹ ሳይበተኑ ድረሺ።