በሌላ ብልቃጥ የገባው ኩል

በአንዲት ከተማ አንዲት ሙሽራ ኳይ ነበረች፤ አሰገደች የምትባል። በዚያች ከተማ እሷ ያልኳለቻት ሙሽራ ያገባች አይመስላትም ነበር። አሰገደች ጥሩ ያለችው ጥሩ ነው፤ ፊቷን ያዞረችበት ደግሞ አለቀለት። አፏ እንዲህ ይሰማ ነበር፣ ልጆቼ።

የምትኩልበት ኩል «ብሌን» ይባላል። ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ድንጋዩን ወቅጣ፣ ፈጭታ፣ በስስ ጨርቅ ነፍታ፣ በብልቃጥ እየሞላች ትሸጠዋለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ አሰገደች የኳለቻት ሙሽራ በመልሷ ቀን ዓይኗ ቀልቶና አብጦ መጣች። ዘመዶቿ ጮኹ። አሰገደች ደነገጠች። የደነገጠ ሰው ደግሞ ቶሎ ጥፋተኛ ይፈልጋል አይደል? በዳሱ መሀል፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ ብድግ አለችና፣

«የትርንጎ ኩል ነው! መርዝ ነው የሸጠችልኝ! ሁለተኛ ቤቴ አይገባም!» አለች።

በሳምንቱ የትርንጎን ደጅ የሚረግጥ ጠፋ።

አሰገደች ክዳኑ ወርቅማ የሆነ የውጭ ኩል ገዛች። ሴቶቹም «እሰይ! ኩል ማለት ይሄ ነው!» አሉ። ምን ያደርጋል፣ የሚቀጥለዋም ሙሽራ ዓይን አበጠ። አሰገደች ራሷ እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ዓይኑን ገለጥ አድርጋ አየችና ጠየቀች።

«ኩሉ ምንድን ነው?»

«አዲስ ነው፤ የውጭ። የድሮውን ትቼዋለሁ።»

«የምትኩይበት እንጨትስ?»

አሰገደች ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት። ስንት ዓመት፣ የስንት ሙሽራ ዓይን የዳሰሰ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ እያደረገች ወደ ቦርሳዋ የምትመልሰው እንጨት ነው።

«እትዬ፣ በሽታውን ከአንዷ ዓይን ወደ ሌላዋ የሚያዞረው ይሄ ነው» አለች ነርሷ። «ኩሉ ምን አደረገ?»

አሰገደች የምትገባበት ጠፋት። እንጨቱን ጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዷ ሙሽራ አዲስ እንጨት ትይዝ ጀመር። ስለ ትርንጎ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ምን ብላ ትናገር?

የባሰው ደግሞ ገና አለላችሁ። የውጩ ኩል ሙሽራዋ ስታለቅስ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። የእኛ አገር ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ሳታለቅስ ትሄዳለች እንዴ? የትርንጎን ኩል እንባ አይበግረውም ነበር። ስለዚህ አሰገደች ወርቅማውን ብልቃጥ አጠበችና፣ ጓዳዋ ውስጥ ሳይከፈቱ የቀሩትን ሦስት ብሌን አንድ በአንድ እየገለበጠችበት ትኩል ጀመር። ሴቶቹ «አይ የፈረንጅ ነገር!» እያሉ ሲያደንቁ አንገቷን ትደፋለች። ሙገሳው ከስድብ ይልቅ ያማት ነበር።

ያም አለቀ። አንድ ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ በትርንጎ ጓሮ በኩል ገባች። ትርንጎ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇ በሳሙና ተላልጧል።

«ትርንጎዬ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጨት ነው። ይቅር በይኝ። ኩል ተርፎሽ ከሆነም...»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

አሰገደች የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር።

«መቼ ነው አልኩሽ እኮ?»

«በጥር።»

ትርንጎ የያዘችውን አንሶላ ጨመቀችው። «አሁን ግንቦት ነው፣ አሰገደች። ስትሰድቢኝ በዳስ መሀል ነበር፤ ይቅርታውን በጓሮ አመጣሽልኝ?»

ምን አለፋችሁ፣ አሰገደች በመጣችበት ጓሮ ተመልሳ ወጣች። በመጣው እሑድ ሰርግ ነበር። ሴቶቹ ሙሽራዋን ከበው ሲያበቁ ብድግ አለች።

«ስሙኝማ» አለች። «የሰው ዓይን ያሳበጠው የእኔ እንጨት ነው። የትርንጎ ኩል ምንም አላጠፋም። እንዲያውም ስታደንቁት የከረማችሁት ኩል የእሷው ነበር፤ የፈረንጁ ብልቃጡ ብቻ ነው።»

የሙሽራዋ አክስት፣ «እንግዲያ ስታታልይን ነዋ የከረምሽው?» አለቻት።

«አዎ።»

አንዷ ደግሞ ከኋላ፣ «ትርንጎ ምን አብልታት ይሆን?» ብላ ሳቀች።

አያችሁ? ስድቡን ሲሰሙ ማንም ምስክር አልጠየቀም፤ እውነቱን ሲሰሙ ተጠራጠሩ። ስለዚህ አሰገደች በየሰርጉና በየማኅበሩ እየዞረች ደጋግማ ተናገረች። በተናገረች ቁጥር ፊቷ ይነድ ነበር። ቢሆንም ተናገረች።

ትርንጎ ድንጋዩን እንደገና መውቀጥ ጀመረች። ግማሹ ደንበኛ ተመለሰላት፤ ግማሹ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ለአሰገደችም ኩሉን ትሸጥላታለች፤ ቁጭ በይ ግን አትላትም።

ልጆቼ፣ ሰው ይሳሳታል፤ ሐሳቡን መለወጡም ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ልባችን ከተለወጠ በኋላ አፋችንን በድሮው ላይ ማቆየታችን ነው። አሰገደች የተሳሳተችው በአንድ ቀን ነው፤ ዕድሜዋን በሙሉ የምታፍርበት ግን ዝም ብላ ያሳለፈቻቸውን አራት ወራት ነው። ትርንጎ በእነዚያ ወራት የሰው ልብስ ታጥብ ነበራ!

እኛስ? ሰው ሁሉ እየሰማ ያጎደፍነውን ስም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ያጠራነው መቼ ነው?