የተቃናችው ወረቀት

አንድ ሰው ነበረ። እንደ አንቺው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ። አትቁነጥነጪ እንጂ ትርሲት፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ትናንት በፈረቃዬ ተሳስቼ ሁለት አውሮፕላኖች ከሚገባው በላይ ተቀራረቡ፤ ማንም አላየም፣ ማንም አልተጎዳም፤ ታዲያ ብናገረው ምን ይጠቅማል?» ነው ያልሽኝ። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝና አውቅሻለሁ፤ መልሱን እንደ ትምህርት ብሰጥሽ በአንድ ጆሮሽ ሰምተሽ በሌላው ታፈሺዋለሽ። ስለዚህ ይህን ሰው አድምጪልኝ።

ሰውየው የሚሠራው ራዳር ባልነበረበት ጊዜ ነው። አውሮፕላኖቹን አያያቸውም፤ የፓይለቶቹን ድምፅ በሬዲዮ ይሰማል፣ በቃ። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንዲት ቀጭን ወረቀት አለችው፤ ከፍታው ተጽፎባት ፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ ትሰካለች። ሰማዩን እንደ ፎቅ ቤት አስቢው። አንዱ አሥራ አንድ ሺህ ጫማ ላይ ይሄዳል፣ ሌላው አሥራ ሁለት ሺህ ላይ፤ ባንድ ፎቅ ሁለቱ አይገናኙም። አንዱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ግን በመካከል ያሉትን ፎቆች ሁሉ ያቋርጣል። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው በዚያ አውሮፕላን ወረቀት ላይ የሚወርድበትን ከፍታ ጽፎ አዘንብሎ ይሰካታል። ያዘነበለች ወረቀት «ይሄ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ደረስኩ እስኪል በሚያልፍበት ማንንም እንዳታስገባ» ማለት ናት። ደረስኩ ሲል ትቃናለች።

ሰውየው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ አንድም ጥፋት አልተገኘበትም። ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱ እንዲያውም ልክ የለውም። አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ በደመና ተደፍኖ ሳለ፣ ፈረቃውን የሚረከበው ሽማግሌ ባልደረባው መጣ። ይህ ሽማግሌ ሥራውን ያስተማረው፣ እንደ አባት የሚያየው ሰው ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል።

እንግዲህ የኛን ነገር ታውቂዋለሽ። ታላቅ ሲመጣ ብድግ ይባላል፣ ወንበር ይጠረጋል፣ ሰላምታው ደግሞ ማለቂያ የለው። «እንዴት ዋሉ? ዝናቡ አገኘዎት እንዴ? ልጆቹስ?» እያለ ሰውየው ጠረጴዛውን አስተካከለ፣ እርሳሶቹን ሰበሰበ፣ ሰሌዳውንም በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ወረቀቶቹን ቀጥ አድርጎ አሰለፋቸው። ለታላቅ የተዝረከረከ ቦታ ማስረከብ ነውር ነዋ! ከአሥራ አራት ሺህ ወደ አሥራ አንድ ሺህ እየወረደ የነበረ አንድ አውሮፕላን ነበር፤ ያዘነበለችው የሱ ወረቀትም አብራ ተቃናች። በቃሉ «እየወረደ ያለ አለ» ማለትም ነበረበት። በሰላምታው መሃል ረሳው።

ሽማግሌው ተቀምጦ ሰሌዳውን አየ። ወረቀቷ ቀጥ ብላ አሥራ አንድ ሺህ ትላለች፤ እንግዲያው አሥራ ሁለት ሺህ ባዶ ነው። ወዲያው ሌላ አውሮፕላን ከሌላ አቅጣጫ መጥቶ አሥራ ሁለት ሺህን ጠየቀ። ሰጠው።

ሰውየው በሩ አጠገብ ኮቱን እየለበሰ ነበር። አንዱ ፓይለት «አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ነኝ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው «አሥራ አንድ ሺህ ደረስኩ» አለ። ሰውየው ወደ ሰሌዳው ዞረ። ይሄኛው ወርዶ የደረሰው በዚያኛው ፎቅ በኩል ነዋ! ደመና ውስጥ ተላልፈዋል፤ በስንት ሜትር እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በሁለቱ ውስጥ መቶ አሥራ ሦስት ሰው አለ። ተሳፋሪዎቹ አላወቁም፣ ፓይለቶቹ አላወቁም፣ ሽማግሌውም ሰሌዳውን አምኖ ልብ አላለም።

የዚያን ሰው ጭንቀት ምን ብዬ ልንገርሽ! ቢናገር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሙ ጭቃ ሊሆን ነው። እሱስ ይሁን። ከፍታውን ከአፉ አውጥቶ የሰጠው ግን ሽማግሌው ነው፤ ሪፖርቱ ላይ የሱም ስም ይገባል። እንደ አባት የሚያየውን ሰው፣ ሊሰናበት ሁለት ወር ሲቀረው፣ በገዛ እጁ ያዋርደው? ዝም ቢልስ ምን ይመጣል? ምንም። ሁሉም በሰላም ገብቷል። ልክ አንቺ እንዳልሽው።

ኮቱን አወለቀ። ሌላ ተረኛ ወንበሩን እንዲይዝ አስጠራና ሽማግሌውን አስነሳው። «አባቴ፣ አጥፍቻለሁ፤ እርስዎንም ጨምሬ ነው ያጠፋሁት» አለው። ከዚያ ቁጭ ብሎ የሆነውን ሁሉ ጻፈ።

ሽማግሌው ተቆጣ። «ምናለ ሁለት ወር ብትታገሠኝ?» አለው። እንዲህም ተብሏል፣ ምን ልደብቅሽ።

በማግስቱ ኃላፊው ሁሉንም ሰብስቦ ሪፖርቱን አነበበላቸው። ማንንም ሳይወቅስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «ለታላቁ ቦታ ሲለቅ ሰሌዳ አስተካክሎ የሚያውቅ አለ?» በመጨረሻ ሽማግሌው እጁን አነሣ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እሱም ለአለቃው ብሎ እንዲሁ ወረቀት አቃንቷል፤ እንዲሁ ሁለት አውሮፕላን አቀራርቧል፤ ማንም ስላላየው ዝም ብሏል። እሱ እጁን ሲያነሣ አራት ሰዎች ተከተሉት። አራት! ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረካቢው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ሳያነብ አስረካቢው ሰሌዳውን እንዳይነካ ተደነገገ። ሰላምታውም ከዚያ በኋላ ሆነ።

ትርሲት፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ።

ያን ጨዋ ሰው ወረቀቷ አይደለችም ያሳሳተችው፤ እኔ ነኝ። እኔ ወረቀት ያቃናሁ ጊዜ አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ደንቡ ያኔውኑ ይወጣ ነበር፤ እነዚያ መቶ አሥራ ሦስት ሰዎች በዚያ ደመና ውስጥ እንዲያ ባላለፉ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። የተደበቀ ስህተት ሰሌዳ ላይ ወረቀት እንደሌለው አውሮፕላን ነው ልጄ። አንቺ የለም ብለሽ ትቀመጫለሽ፤ እሱ ይበራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? በኛ ሥራ ደግሞ የሚሞተው የደበቀው እንኳ አይደለም፤ ምንም የማያውቅ ሌላ ሰው ነው።

ፈርተሻል፤ አይፈረድብሽም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ፈርቻለሁ፤ አንቺ ገና አንድ ቀንሽ ነው። ተነሺ በይ። እስከ ኃላፊሽ ቢሮ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።