ድንበር ላይ የተቀመጠችው ኤሊ

ቢያድግልኝ አንጓችን በደላት፤ አንጓች ደግሞ ኤሊዋን በደለቻት። የተረቴ አጥንቱ ይኸው ነው። ሥጋውን እኔ ላልብሰው፣ እናንተ ጆሮ ስጡኝ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳው ሁሉ አንደበት በነበረው ዘመን፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጅ የላትም። ዶሮ እንኳ አርብታ አታውቅም። ያላት አንዲት የሽንብራ ማሳ ናት። ከጎኗ የባሏ ወንድም ቢያድግልኝ ያርሳል። ጉልበቱ የበሬ፣ ሆዱ የጅብ። በየዓመቱ እርሻ ሲገባ የድንበሩን ድንጋይ ይነቅልና አንድ ትልም ወደ እሷ አስገብቶ ይተክለዋል። ማሳዋ እንደ በጋ ኩሬ ከዳር ከዳሩ አለቀ።

"ኧረ ቢያድግልኝ፣ ድንበሩን ገፋኸው!" ትለዋለች።

"ለማን ልታወርሺው ነው? ለቁንጫሽ?" ይላታል።

እሷም ነጠላዋን ተከናንባ ትገባለች።

አንድ ቀን ከገደሉ አፋፍ ጭራሮ ስትለቅም አንዲት ኤሊ አገኘች። ቁና ታህላለች። ጀርባዋ ዝንጉርጉር፣ ምላሷ በጥም የተጣበቀ። አንጓች ከቅሏ በመዳፏ እየቀዳች አጠጣቻት። ኤሊዋ ጠጥታ ጠጥታ አንገቷን አወጣች።

"እሜቴ፣ ወንዜ ደረቀ፣ ወገኔም አለቀ። ይውሰዱኝና ልጅ ያድርጉኝ።"

በዚያ አገር ባዕድ ልጅ የሚሆነው በማር ነው። አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ልክ እንደ አብራኩ ክፋይ ነው፤ የማር ልጅ ይሉታል። አንጓች ይህን ታውቃለች። ማርም በቅል አላት። ግን ፈራች። ኤሊ ምን ትበላለች? ስትታመም በምን ይታወቃል? ሰውስ ምን ይላል?

"ለአሁኑ ቤት እንሂድ። ነገ እነግርሻለሁ" አለቻት።

በነጠላዋ አዝላ ወሰደቻት። ወደ ውስጥ ግን አላስገባቻትም፤ ከጎተራው ሥር አኖረቻት። ንፍሮ ሰጠቻት፣ እምቢ አለች። ገንፎ ሰጠቻት፣ እምቢ አለች። "ምን ዓይነቷ ቅምጥል ናት!" ብላ ስትቆጣ፣ ኤሊዋ ቀስ ብላ ወደ ጓሮ ዞረችና የጎመኑን ቅጠል ቀረጠፈች። አንጓች ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ጎረቤቷ እትዬ ጣዕሜ ሳቋን ሰምታ መጣች።

"አንቺ! ሰው ዶሮ ያረባል፣ አንቺ ድንጋይ ታረቢያለሽ?"

"ልጅ ላደርጋት አስቤ..."

"ውይ በሞትኩት! እንግዲያስ የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ!" ብላ ሆዷን ይዛ ሄደች።

"እሜቴ፣ ማሩስ?" አለች ኤሊዋ።

አንጓች አፍራ አቀረቀረች። "ነገ እነግርሻለሁ።"

ሌላ ቀን አባ ክንፉ የሚባሉትን ቄስ ጠየቀቻቸው። "አባ፣ ኤሊ ልጅ ትሆናለች?"

"ኤሊ ዕድሜዋ ረጅም ነው፣ ልጄ። አንቺ አፈር ስትገቢ ለማን ትተያታለሽ?"

"እና ወደ ገደሉ ልመልሳት?"

"ወይ መልሻት፣ ወይ አስገቢያት። ደጃፍ ላይ የሚያድር ውሻ ብቻ ነው።"

ምክሩ እውነት ነበር፤ ያስጨነቃትም እውነትነቱ ነው። ቤቷ ገባችና አልመለሰቻትም፣ አላስገባቻትም። ሲመሽ ሲመሽ ግን ከጎተራው ሥር ቁጭ ብላ ስለ ባሏ ታወራላታለች። ኤሊዋም ኮቴዋን ለየች፤ ስትመጣ ከሩቅ አንገቷን ታወጣለች። "እሜቴ፣ ማሩስ?" ትላለች። "ነገ እነግርሻለሁ" ትላለች አንጓች። ነገ እንደሆነ አያልቅ።

የእርሻ ወቅት መጣ። ቢያድግልኝ በዚያ ዓመት በአንድ ትልም አልጠገበም፤ ድንጋዩን ነቅሎ ማሳዋ መሃል ላይ ተከለው። አንጓች እየጮኸች ሽማግሎች ዘንድ ሄደች።

"ይማላ!" አሉ ሽማግሎቹ።

በዚያ አገር ስለ ድንበር የሚምል ሰው ድንጋዩን ረግጦ ነው የሚምለው። በሐሰት የማለ ደግሞ መሬቱን ያጣል። ቢያድግልኝ ግን ለአንድ ትልም ሲል እናቱን በቁሟ የሚቀብር ሰው ነው፤ እንደሚምል አንጓች አውቃለች። ከሽንብራው በቀር የምትበላው የላትም። ስታለቅስ ዓይኗ የኤሊዋ ጀርባ ላይ አረፈ። ዝንጉርጉርነቱ ቁርጥ የድንበሩን ድንጋይ።

"ድንጋዩን ነቅዬ በቦታው ላስቀምጥሽ" አለቻት። "እጅ እግርሽን ሰብስበሽ ዝም ትያለሽ። ምሎ ሲጨርስ ትሄጃለሽ።"

"ረግጦኝ ነው የሚምለው?"

"አዎ።"

"ከባድ ሰው ነው፣ እሜቴ።"

"ቶሎ ያልቃል።"

"ልጅ ለእናቱ ይረገጣል። እኔ ማን ሆኜ ልረገጥ?"

አንጓች ወደ ማሩ ቅል አየች። እጇ ተነሣ። ልጄ ብያት ብትሰበርስ? አለች በሆዷ። እጇ ተመለሰ።

"ይህ ይለፍና እነግርሻለሁ።"

ኤሊዋ ዝም አለች። አንጓችም ዝምታዋን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

ጎህ ሲቀድ ወስዳ ጭቃ ቀባቻት፣ ሣር በተነችባት፣ ድንጋዩን ነቅላ ከጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠቻት። ረፋዱ ላይ ሽማግሎቹ መጥተው ተቀመጡ። አገሩም ተሰበሰበ። ቢያድግልኝ እየተንጎራደደ መጣ። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም። ሙሉ እግሩን ጣለባት።

"ይህን ድንጋይ የተከለው አባቴ ነው!"

ኤሊዋ ዝም።

"ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም!"

ከእግሩ ሥር ቋ! አለ። ሌላ ማንም አልሰማም፤ አንጓች ሰማች። "ተው!" ልትል አፏን ከፈተች። መሐላው ግን ገና አላለቀም። አፏን መልሳ ዘጋች።

"ዋሽቼ እንደሆነ እኔ ከአገሬ ልነቀል!" አለና ወረደ።

ድንጋዩ አንገት አወጣ። እግር አወጣ። ሄደ።

ዋናው ሽማግሌ ጺማቸውን ይዘው፣ "አንተ ቢያድግልኝ፣ አባትህ ለድንበር ኤሊ ተክለው ነው የሞቱት?" አሉት ወደ ሕዝቡ እያዩ። አገሩ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሎቹም ቢያድግልኝ የገፋውንም፣ የራሱንም መሬት ለአንጓች ፈረዱላት። እሱም አፉ በራሱ ላይ እንደ ፈረደው ዕቃውን ጭኖ ከአገር ተነቀለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ ጣዕሜማ፣ "የክርስትና እናቷ ነኝ አላልኳችሁም?" እያለች ትዘላለች።

አንጓች እልልታውን አልሰማችም። ቤቷ ሮጠች። ቅሉን ከፍታ አውራ ጣቷን እስከ ሥሩ ነከረችና እየሮጠች ተመለሰች። ኤሊዋ ወደ ገደሉ እየሄደች ነበር። ጀርባዋ ከመሃል ተሰንጥቋል። የሄደችበት አፈር ርሷል።

"ልጄ! ልጄ፣ ቁሚ! ማሩን አመጣሁልሽ! ይኸው ጥቢ!"

ከኋላዋ እየተንበረከከች፣ እየተነሣች ተከተለቻት። ማሩ ከጣቷ ወደ ክንዷ ወረደ። ኤሊዋ ከአፋፉ ስትደርስ ቆመች። አንገቷን መልሳ ጣቷን አየች። ፊቷን አየች። እንዲህም አለቻት፦

"እሜቴ፣ በጭንቅ ቀን ልጄ ያላሉትን፣ በድግስ ቀን ቢጠሩት እንግዳ ነው።"