የከርከሮ ጉድጓድና የባሕር ማዶ ዝዮች

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ነገር ግን እንደ ተነገራችሁ ስሙ። ከርከሮ ስላችሁ አሳማ ብላችሁ አትያዙ። ጉድጓድ ስላችሁ ምንጭ አታድርጉት፤ ምንጭ እግዜር የሰጠው ነው፣ ጉድጓድ ግን ቆፋሪ አለው። ይህን ያሳሳተ ተረቱን ሁሉ ያሳስታል።

ድሮ፣ እንስሳት ሸንጎ በሚቀመጡበት ዘመን፣ በባሕር ጠረፍ በረሃ አንድ ጉድጓድ ነበረ። የቆፈረው የአያ ከርከሮ አባት ነው። አሸዋው እየተናደ ስለሚሞላው፣ ልጁ አያ ከርከሮ በየማለዳው በአፍንጫውና በክራንቻው ይጠርገዋል። የአገሩም ደንብ ይህ ነበር፤ እንግዳ ሳይጠጣ ባለቤት አይጠጣም።

አንድ ቀን ነጫጭ ዝዮች በጀልባ መጡ። አለቃቸው ሲኞር ዝይ ይባላል። ውሃ ለመነ፤ ቅድሚያ ተሰጠው። ማረፊያ ለመነ፤ ጥላ ተሰጠው። ገመድ የምዘረጋበት ስፍራ ስጡኝ አለ፤ ልብስ ሊያሰጣ መስሏቸው ሰጡት። ገመዱ ግን ጉድጓዱን ዞሮ ሲያበቃ፣ «እኔ የከበብኩት ሁሉ ከተማ ነው» አለ።

ግንብ ተሠራ፤ ከተማውም በሲኞር ዝይ አያት ስም ተጠራ። በየጀልባው አዲስ ዝይ ይመጣል፤ አዲስ የመጣ ሁሉ እንግዳ ነውና ቀድሞ ይጠጣል። ባለቤቶቹ ተራ ሲጠብቁ ይመሻል። እመት ዥግራ ጫጩቶቿ በጥም ሲዝሉባት ጊዜ ወደ አያ ከርከሮ ሄደች።

«አያ፣ ደንቡ የሚያስረው እኛን ብቻ ነው እንዴ?» አለችው።

አያ ከርከሮ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ወደ ከተማው ገባ። ሲኞር ዝይ፣ አሳማው መጣ፣ መንገድ ልቀቁለት እያለ ሳቀና የናስ ቃጭል አቀረበለት። ይህን በአንገቱ ቢያስር የከተማው የክብር እንግዳ ተብሎ ከሁሉ ቀድሞ እንደሚጠጣ ነገረው። እሱ ብቻ፤ ዥግራ ግን ተራዋን ትጠብቃለች።

«ሲኞር፣» አለ አያ ከርከሮ፣ «እንግዳ መንገድ አለው። የእናንተ መንገድ መቼ ነው?»

«መንገድ የለንም። እዚሁ ልንኖር ነው።»

«እንግዲያው ጎረቤት ናችሁ። ጎረቤት ደግሞ ተራ ይጠብቃል።»

ሲኞር ዝይ አንገቱን አስረዝሞ፣ ከተማው የማን እንደሆነ ግንቡን ጠይቅ አለው። ግንቡ ሳይመልስ ጉድጓዱ ከሥር ተናገረ፤ «ግንቡን ትናንት አቆማችሁት። እኔን በየማለዳው የሚያነሣኝ ግን እሱ ነው።»

በማግስቱ አያ ከርከሮ አልጠረገም። ከግንቡ ውጭ ለጫጩቶቹ የምትበቃ ጉድጓድ ቆፍሮ አጠገቧ ተቀመጠ። በከተማው አሸዋው ተናደ። ዝዮቹ በምንቃራቸው ቢጭሩ ውሃው ራቀባቸው። በሦስተኛው ቀን ሲኞር ዝይ ራሱ ወጣ፤ የናሱን ቃጭል በወርቅ ለውጦ ይዞ ነበር። አያ ከርከሮ ቃጭሉን ቀና ብሎም አላየው። ሲኞር ዝይ ያን ጊዜ ወርቁን አስቀምጦ፣ ተራ ይዛ ከቆመችው ከእመት ዥግራ ኋላ ሄዶ ቆመ። ዝዮቹም ተከትለውት ቆሙ።

አያ ከርከሮ ተነሥቶ የአባቱን ጉድጓድ ጠረገ፤ ሁሉም በየተራው ጠጣ። ከተማው የዝዩን ስም እንደያዘ ቀረ፤ ጉድጓዱ ግን የከርከሮ ጉድጓድ ተባለ።

አያ ከርከሮ ውሃን ለማንም አልከለከለም። በአባቱ ጉድጓድ እንግዳ መባልን ግን አልተቀበለም።