ለብቻ የተገዛ ሰሌዳ

አንድ ሰው ነበረ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ከወሎ መጥቶ ባቱ ከተማ አጠገብ ባለ የአበባ እርሻ የውኃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው። ሥራውን ያውቃል። ፓምፕ ሲቆም ሁሉም ስሙን ይጠራል። ፓምፑ ሲነሣ ግን ስሙም አብሮ ይረሳል።

የሥራ ቀን አይከብደውም። የሚከብደው እሑድ ነው። እናንተ እሑድን ትወዳላችሁ፤ ልጆቻችሁን አጣጥባችሁ፣ እየተጠራራችሁ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ትመጣላችሁ። ለዚያ ሰው ግን እሑድ ረጅም ነው። ልብሱን ያጥባል፣ ይደርቃል። ቁርሱን ይበላል፣ ያልቃል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ቀኑ እንደ ተዘረጋ ይቀራል።

ስለዚህ ሚኒባስ ተሳፍሮ ላንጋኖ ሐይቅ ይወርዳል። አሸዋው ላይ ተቀምጦ ሰው ያያል።

አንድ እሑድ ከሐይቁ ላይ ጩኸት ሰማ፤ የደስታ ጩኸት። ሞተር ጀልባ ይከንፋል። ከኋላው ረጅም ገመድ አለ፣ ከገመዱ ጫፍ ደግሞ አንዲት ልጅ በሰሌዳ ላይ ቆማ ውኃውን እየሰነጠቀች ትንሸራተታለች። እግሮቿ ሰሌዳው ላይ በተገጠሙ ጫማዎች ውስጥ ገብተዋል። ዌክቦርድ ይሉታል። ወደቀች፤ ጓደኞቿ ሳቁባት። ተነሣች፤ አጨበጨቡላት። ሲደክማት ሌላው ሰሌዳውን ተቀብሏት ገባ።

ሰውየው ምኑን ያየ ይመስላችኋል? ሰሌዳውን? አይደለም። ሳቁን ነው ያየው። ነገር ግን ሳቅ የሚሸጥበት ሱቅ የለም፤ ሰሌዳ የሚሸጥበት ግን አይጠፋም። በልቡም “እኔም ሰሌዳ ቢኖረኝ ከእነርሱ አንዱ እሆን ነበር” አለ።

አዲስ አበባ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውት የሚሄዱትን ዕቃ ይሸጣሉ። ሰውየው ጠያይቆ እርሳቸው ዘንድ ደረሰ።

“ሁለት አሉኝ” አሉና አወጡለት። አንደኛው ሰፊ፣ ረዘም ያለ፣ ቀለሙ በፀሐይ የሸሸ ነው። ጫማዎቹ ከፊታቸው ክፍት ናቸው፣ ጣት ይወጣባቸዋል። ሁለተኛው ጠበብ ያለ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ጫማዎቹ ድፍን ናቸው።

“ጀማሪ ነህ ወንድሜ?”

“አይ… ትንሽ ትንሽ ሞካክሬአለሁ።”

ወገኖቼ፣ ያ ሰው የሰሌዳውን ፊትና ኋላ እንኳ አይለይም!

ወይዘሮ አስካለ ፊቱን አይተው ፈገግ አሉ። “እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ውዱን ብትወስድልኝ ደስ ይለኛል። ለለማጅ ግን ይሄኛው ነው። ሰፊ ስለሆነ ከውኃው ቶሎ ያነሣሃል፤ ስትሳሳትም አይቆጣህም። ዋጋውም ይቀላል። ጫማው ክፍት ስለሆነ ደግሞ ያንተም፣ የሚስትህም፣ የወንድምህም እግር ይገባበታል። ይሄ ነገር ተራ በተራ ነው የሚለመደው።”

“ለእኔ ብቻ ነው።”

“ዛሬ ለአንተ ብቻ ይሁን። ነገስ?”

ሴትዮዋ ክፉ አላሉም። ቃሉ ግን ሄዶ የማይነካ ቦታ ነካው። “ጥቁሩን ይስጡኝ” አለ።

“እንደ ወደድክ። የእግርህን ቁጥር ንገረኝ።”

አጠለቀው፤ ልክክ አለለት። ለፋሲካ እናቱን ሊጠይቅበት ያስቀመጠውን ገንዘብ ጨምሮ ከፈለና ተሸክሞት ወጣ።

አያችሁ፣ ርካሹን የተወው ሀብት ተርፎት አይደለም። ሰፊው ሰሌዳ “ይሄ ሰው ገና ለማጅ ነው” ብሎ ስለሚያወራበት ነው። ክፍቱ ጫማ ደግሞ “ሌላውስ ማነው?” ብሎ ስለሚጠይቀው ነው።

እሑድ ሆነ። ሰሌዳውን ታቅፎ ሐይቁ ዳር ወረደ። ገመቹ የሚባለው ባለ ጀልባ ገመዱን እየጠቀለለ አገኘው።

“ሁለተኛው ሰውህ የታለ?” አለው ገመቹ።

“የምን ሁለተኛ?”

“እኔ ስነዳ ፊት ፊቴን ነው የማየው። ከጀልባው ኋላ ተቀምጦ ዓይኑን ካንተ የማይነቅል ሰው ያስፈልጋል። ስትወድቅ እጁን አንሥቶ ‘ወደቀ!’ የሚለኝ። ያለ እርሱ ገመድ አልወረውርም።”

“እጥፍ ልክፈልህ።”

“ብር ምን ያያል ወንድሜ? ሰው ጥራ።”

ስልኩን አወጣ። አለቃው አለ። የግቢው ዘበኛ አለ። አከራዩ አሉ። ጋዝ የሚያመጣለት ልጅ አለ። ከእነዚህ ለማንኛው ደውሎ “ና፣ ቁጭ ብለህ እየኝ” ይበል? እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሉ ነበር?

ለማንም አልደወለም። ስልኩን ግን ጆሮው ላይ አደረገው። “አቤት… መንገድ ላይ ነህ? እሺ፣ እጠብቅሃለሁ” አለ፣ ማንም ለሌለበት ስልክ። ከዚያ ወደ ገመቹ ዞሮ “ጓደኛዬ እየመጣ ነው” አለው።

አትሳቁበት። ከእኛ ውስጥ ለባዶ ስልክ ያወራ የለም?

ጫማዎቹን አጥልቆ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አስሮ፣ ውኃው ዳር ተቀመጠ። ጠበቀ። የማይመጣ ሰው መጠበቅ እንዴት እንደሚያደክም የጠበቀ ያውቀዋል።

እነዚያ ወጣቶች መጡ። ያቺ ስትንሸራተት ያያት ልጅ፣ ሲፈን የምትባለው፣ ጎንበስ አለች። “ጋሼ፣ እንዴት ያምራል! የእኛው ማሰሪያው ተበጠሰብን። በአንተው ተራ በተራ እንጫወት?”

ልቡ ዘለለ። ይሄንኑ አይደል የፈለገው? እየተጣደፈ አወለቀው። ቢቂላ የሚባለው ጓደኛቸው እግሩን ሰደደ። ተረከዙ ላይ ቀረ። ገፋ፤ አልገባም። ሲፈን ሞከረች፤ የእርሷ እግር ደግሞ ውስጡ ጠፋ።

“ጋሼ፣ ይሄን ጫማ በመታወቂያ ነው እንዴ ያሠራኸው?” አለ ቢቂላ። “ካንተ በቀር ዘመድ እንኳ አያስገባም!”

ተሳሳቁ። እርሱም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

“ብቻህን ነህ?” አለችው ሲፈን።

በሩ ያን ጊዜ ተከፍቶ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚጎድለው። እርሱ ግን “አይ፣ ጓደኛዬ እየመጣ ነው” አላት።

“እሺ፣ መልካም ጨዋታ ጋሼ” ብላ ሄደች።

የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ። ሰው መበተን ጀመረ። ገመቹ እየመጣ “ደረሰ?” ይላል፤ እርሱም “ተቃርቧል” ይላል። ወጣቶቹ ዕቃቸውን ወደ መኪና መጫን ሲጀምሩ ሰውየው እነርሱን አየ፣ መንገዱን አየ። ዛሬም እንደ መጣ ሊመለስ ነው፤ አሁን ደግሞ ሰሌዳ ተሸክሞ።

“ገመቹ።”

“አቤት።”

“የሚመጣ ሰው የለም።”

“ቀረብህ?”

“አልቀረም። መጀመሪያውኑ የለም።” ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። “ይሄን ነገር ደግሞ አልችለውም። ዛሬ ገና መሞከሬ ነው።”

ገመቹ አልሳቀም። ወደ መኪናው ዞሮ “ሲፈን! ቢቂላ! ቆዩ፣ አትሂዱ!” ብሎ ተጣራ። “ይሄን ሰው የሚያይልን ፈለግን!”

ሲፈን እየሮጠች መጣች። “እንዴ ጋሼ፣ ስትጠየቅ አትናገርም? እኛ እኮ ሰው እየጠበቅክ ነው ብለን ነው የተውንህ!”

ገባ። ገመዱ ተወጠረ፤ ሰውየው ወደቀ። እንደገና ተወጠረ፤ እንደገና ወደቀ። ጠባቡ ሰሌዳ አፍንጫውን ውኃ ውስጥ እየቀበረ ይደፋዋል። ቆመ ወይ? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልቆመም። ያን ቀን ለቅጽበት እንኳ አልቆመም።

ግን በወደቀ ቁጥር፣ ውኃውን ከዓይኑ ጠርጎ ቀና ሲል፣ ከጀልባው ኋላ የተንበረከከች ልጅ አለች። እጇ ወደ ላይ ነው። “ጋሼ! አይተንሃል! እየመጣን ነው!”

በዚያ አገር ከመጣ ጀምሮ “አይተንሃል” ያለው ሰው አልነበረም። ፊቱን ደጋግሞ ጠረገ። የላንጋኖ ውኃ ድፍርስ ነው፤ የሐይቁ የቱ፣ የእርሱ የቱ እንደሆነ ማንም አልለየም።

ወሩ ሳያልቅ ጥቁሩን ሰሌዳ ይዞ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ተመለሰ። ሰፊውን ለውጠው ሰጡት። ማታ ማታ አሁንም ብቻውን ነው የሚበላው። እሑድም አሁንም ይረዝምበታል፤ ግን እንደ በፊቱ አይደለም።

ልጆቼ፣ ስለ ሰሌዳ ልነግራችሁ አልመጣሁም። እናንተ ምን ገዝታችኋል? ሕይወታችሁን ከራሳችሁ እግር በቀር እንዳያስገባ አድርጋችሁ አልሰፋችሁትም? ሰው “እንዴት ነህ?” ሲላችሁ “እግዚአብሔር ይመስገን” ብላችሁ የምትዘጉት በር የለም? ምስጋናው መልካም ነው። ግን ምስጋናን መደበቂያ አታድርጉት። “አልችልም፣ ሰውም የለኝም” ማለት አምላክን ማማት አይደለም። እርሱ ያውቀዋል። ያላወቀው አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ነው።

እናንተ ደግሞ ሰው የሞላላችሁ፣ ልጆችም ወንድሞችም ያሏችሁ፣ “ሰው እየጠበቀ ነው” ብላችሁ ያለፋችሁት ስንቱን ነው? በዚህ ቤት ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ቡራኬው ሳያልቅ የሚወጣ ሰው አለ። ሥራ ስላለበት ይመስላችኋል? ሁሉ ሲሳሳም ብቻውን መቆሙን ስለሚፈራ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስትወጡ ከምታውቁት ሰው አትጀምሩ። ወደ በሩ ሂዱ፤ ስሙን ጠይቁት፤ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁት። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ዛሬ አትሩጡ። ጥቂት ቁሙልን። እየመጣን ነው።