ከልቅሶ የማይቀረው ቀበሮ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። «የላም በረት» ለማለት የተዘጋጃችሁ ግን ቆዩ፤ የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለው። ያለው አንድ ቀበሮ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ፍየልና ቀበሮ እሳት የሚጫጫሩ ጎረቤታሞች በነበሩበት ዘመን፣ አያ ቀበሮ የሚሉት ነበር። አያ ቀበሮ አያርስ፣ አይነግድ፣ አያድን። ሥራው ማልቀስ ነበር። የሞት ወሬ ሲሰማ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፤ ገና ከሩቁ «ወየው ወንድሜን! ምነው ሳልደርስልህ!» እያለ፣ ደረቱን እየደቃ ይገባል። ከዘመድ መደዳ ይቀመጣል፤ ንፍሮውን ይዘግናል፤ ጠላውን ይጨልጣል፤ ሲወጣም ለቤቱ ይቋጥራል። ፍየል ሲሞት የፍየል የአክስት ልጅ ነው። ጃርት ሲሞት የጃርት አማች ነው። ዝንጀሮ ሲሞት የዝንጀሮ የጡት ልጅ ነው። አቤት ሲያለቅስ! ሟቹ ራሱ ቢሰማው ተነሥቶ «አይዞህ» ባለው ነበር።

ቤት ነበረው እኮ! ደብሪቱ የምትባል ሚስት፣ ስመኝ የምትባል ልጅ ነበሩት። ግን የሁሉ ዘመድ መሆን ጊዜ ይፈጃል። አንድ ክረምት «ወንዝ ማዶ ልቅሶ አለብኝ፤ ማታ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ያ ማታ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ።

ኋላ አረጀ። ጥርሱ ረገፈ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። አንድ ቀን ስሙን እንኳ ከማያውቀው ሟች ቤት ተቀምጦ ንፍሮ ሲያላምጥ፣ ልጆች ከዳሱ ጥግ ሲሳሳቁ ሰማ። ወዲያው ቤቱ ትዝ አለው። ከጥዱ ሥር ያለችው ጎጆ፤ ዝናብ ሲጥል የሚነሣው የአፈር ሽታ፤ ደብሪቱ እየፈጨች ስታንጎራጉር፤ ስመኝ ከቋጠሮው ባቄላ ባቄላውን እየለቀመች «አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተልን?» ስትለው። ንፍሮውን አስቀምጦ ተነሣ።

ከጥዱ ሥር ደረሰና በሩን መታ። በዚያ ዘመን በርም ይናገር ነበር።

«ማን ነው?» አለ በሩ።

«የቤቱ ጌታ ነኝ።»

«የቤቱ ጌታማ አያንኳኳም፤ ዝም ብሎ ይገባል።»

ቀበሮ የለመደውን ጀመረ። ነጠላውን አዘቀዘቀ፤ ደረቱን ደቃ። «ወየው ልጄን! ምነው ሳልደርስልሽ!»

የስመኝ ድምፅ ከውስጥ መጣ። «አንተ በር፣ እንዳትከፈት! ይህ ልቅሶ የእመት ፍየል ባል ሲሞት የተለቀሰ ነው። ከነዜማው አውቀዋለሁ።»

በማግሥቱ እያነከሰ፣ እያቃሰተ መጣ።

«ማን ነው?» አለ በሩ።

«ሊሞት የደረሰ አባት ነኝ።»

«ስመኝ፣ ሊሞት ነው ይላል። ሲመጣ በግራ እግሩ ነበር የሚያነክሰው፤ አሁን ግን በቀኙ ሆኗል።»

«ይሙታ!» አለች ስመኝ። «ወግ አይቀርበትም፤ እንቀብረዋለን።»

በሦስተኛው ቀን አላለቀሰም፤ አላነከሰም። መጣና ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«ማን ነው?» አለ በሩ።

«እኔ ነኝ።»

በሩ ሲጢጥ አለ።

«አትገባም ካላችሁኝ እሺ» አለ ቀበሮ። «ደብሪቱን ብቻ ጥሩልኝ። ድምፅዋን በቀዳዳው ልስማና እሄዳለሁ።»

ያ ወሬኛ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ስመኝ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ቀበሮ ለአፍታ ደብሪቱ መስላው ልቡ ዘለለ።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ ና» አለችው።

«ለምን?»

«ና ብዬሃለሁ፣ አባዬ።»

«አባዬ» አለችኝ ብሎ፣ በደስታ ሲገላበጥ ከጥዱ ሥር አደረ። ሞኝ! ዕድሜውን በልቅሶ ቤት ጨርሶ፣ ሰው ጎሕ ሲቀድ የሚጠራው ለምን እንደሆነ ጠፋው።

ሲነጋ እመት ፍየል፣ አያ ጃርትና አያ ዝንጀሮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው አገኛቸው። ያኔ ገባው። ሊያረዱት ነው።

«እናቴ ናት፣ አባዬ» አለች ስመኝ። «አምና በጥቅምት። ከማንም ልቅሶ ቀርተህ አታውቅም፤ ከሷ ልቅሶ ቀረህ። ደጅ ላይ ያልነገርኩህ፣ እናቴን በፍየል ዜማ እንዳታለቅስብኝ ፈርቼ ነው።»

ቀበሮ አፉን ከፈተ። «ምነው ሳልደርስልሽ» ሊል ነበር። ዕድሜ ልኩን የዋሸበት ቃል ዛሬ እውነት ሆነበትና ተወው። መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ስለ እኔ ጠይቃ ታውቃለች?» አለ።

«'ከልቅሶ ሲመለስ ይርበዋል' እያለች እራትህን ታስቀምጥ ነበር።»

ይህን ሲሰማ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ድምፅ አልወጣውም።

እመት ፍየል ተነሣች። «እኔ ላልቅስለት» አለች።

«ምነው እመት ፍየል!» አለ አያ ጃርት። «አታሎሽ የለም እንዴ?»

«የባሌ የአክስት ልጅ እንዳልነበረ ያን ቀንም አውቅ ነበር። ፍየል ከየት መጥቶ ከቀበሮ ይዛመዳል? ነገር ግን ባሌ ያለ አልቃሽ ሊቀበር ሲል፣ የውሸቱንም ቢሆን ያለቀሰለት እሱ ነው። ልቅሶ ብድር ነው።» ይህን ብላ «ወየው ደብሪቱ!» ስትል ልቅሶው ቀለጠ። ዝንጀሮ ተከተላት። ጃርትም እሾኹን አጥፎ ተከተለ።

ስመኝ ልጅ ሳለች፣ አባቷ ልቅሶ ቤት ይዟት ይሄድና እንባዋ እንዲወርድ ይቆነጥጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማልቀስ አስጠልቷት፣ ለእናቷ እንኳ እንባ አልወጣት ብሎ ነበር። ያን ቀን ግን ወጣላት፤ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ቀበሮ ሊያባብላት እጁን ዘረጋ፤ የቆነጠጠበት እጁ መሆኑ ትዝ አለውና መልሶ ሰበሰበው። ስባ የያዘችው እሷ ናት።

ጎረቤቶቹ ሲሄዱ፣ እንባዋን ጠርጋ «እስከ መቼ ነው የምትቆየው?» አለችው።

«እስክታስወጪኝ።»

«እንግዲያው በሩን ዝጋው፤ ብርድ ይገባል።»

ቀበሮም ተነሥቶ ከውስጥ ዘጋው።

እናንተም ልብ በሉ፦ የሁሉ ዘመድ ለቤቱ ባዳ ነው። ተረቴ ይኸው ነው፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ለዛሬ ይቅርባችሁ። ተነሡና ወደየቤታችሁ ሂዱ፤ እራት አስቀምጦ የሚጠብቃችሁ ይኖራል።